«ምን ደረሰሽ?» ከማለታችን በፊት



ንግግሬን በአንዲት ቃል፣ በ«ደረሰ» ልጀምር። የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ምደባ ሲታወቅ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን «ምን ደረሰህ?»፣ ልጅቷን «የት ደረሰሽ?» ይላል። እነሱም «ጎንደር ደረሰኝ»፣ «ኢንጂነሪንግ ደረሰኝ» ብለው ይመልሳሉ። እቁብ ይደርሳል። ሎተሪ ይደርሳል። መሬት ሲደለደል ድርሻ ይደርሳል። ሥራ ያገኘውን ሰው ደግሞ «እንጀራ ወጣለት» እንላለን፤ ይህም ዞሮ ዞሮ የዕጣ ቃል ነው። «ምን መረጥሽ? ለምንስ መረጥሽው?» ሲባሉ የሰማኋቸው ልጆች በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ቃሉ ከባዶ አልመጣም። በደርግ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው መንግሥት ወደ መደበው መሥሪያ ቤትና ወደ መደበው አውራጃ ይሄድ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሄድ ተወሰነ። አገር የሚያስፈልጋትን የሰው ኃይል ማሰቧ ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያ ቁጥር ውስጥ ያለው ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጹን ሲሞላ አጠገቡ ተቀምጦ ያዳመጠው ሰው ማን ነበር?

ስለ አንድ ሰው ልናገር እችላለሁ፤ ስለ ራሴ። በዚሁ በደባርቅ አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ቅጽ የሚሞላበት ቀን ደረሰ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ ወረቀቱን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ እርስዎ ያሉትን ልሙላ» አለችኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ቀና ብዬም በደንብ አላየኋት። «አካውንቲንግ ሙይ፤ ባንክ ትገቢያለሽ» አልኳትና ወደሚቀጥለው ተሻገርኩ። ከዓመታት በኋላ ጎንደር መናኸሪያ ተገናኘን። እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ «ቲቸር፣ የሞሉልኝን ተምሬ ጨረስኩ፤ አሁን ምን ልሁን?» አለች። መልስ አልነበረኝም። አውቶቡሱ ወገራን አልፎ ዳባት እስኪደርስ ድረስ አንድም ቃል ከአፌ አልወጣም። ሁለተኛ ዲግሪዬን በሙያ ዕድገትና በኮቺንግ ለመማር የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱን ነው። ለ«ኮቺንግ» እስካሁን የተስማማንበት ቃል የለንም። «አሰልጣኝ» ካልነው የእግር ኳስ ሜዳ ይመጣብናል። «አማካሪ» ካልነው ምክር የሚሰጥ ሰው ይመስለናል፤ ትምህርቱ ግን ምክርን ዋጥ ማድረግ ነው የሚያስተምረው። የቃሉ ሥር ኮች የምትባል የሃንጋሪ መንደር ናት፤ ጥሩ ሠረገላ ይሠራባት ነበር፤ የሠረገላው ስም ከመንደሯ ተወሰደ። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ በዚሁ ስም ጠሩት፤ ተሸክሞ የሚያሻግር ለማለት። እኛ ሠረገላ ባይኖረን ባለ በቅሎ አለን። በሊማሊሞ ቁልቁለት መንገደኛው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ባለ በቅሎው አይደለም። የትኛው ድንጋይ እንደሚንሸራተት ግን ያውቃል፤ በቅሎዋ ስትፈራም ልጓሟን ይዞ አብሯት ይቆማል።

ከዚህም የሚቀርብ ነገር አለን፤ ትምህርቱ በደንብ የገባኝም በእሱ ነው። አባቶቻችን ከወገራና ከስሜን ተነስተው፣ ቆሎ ቋጥረው፣ ቅኔ ፍለጋ ጎጃም ድረስ ይወርዱ ነበር። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ጫካ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቆጠራና ነገራ ይባላል። የኔታ ያዳምጣሉ፤ የጎበጠውን ያቃናሉ፤ ቤቱ የማይመታውን ይመልሳሉ። የራሳቸውን ቅኔ ግን በተማሪው አፍ አያኖሩም። የተባለ ቅኔም አይደገምም፤ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። የሙያ ውይይትም እንደዚያ ነው። ልጁ ቆጥሮ ይመጣል፤ አንተ ታዳምጣለህ፤ ያልተሳካውን መስመር ታሳየዋለህ። ቅኔው ግን የእሱ ነው። ይህ ጥበብ በእጃችን ሳለ ልጆቻችን ዕድሜ ልካቸውን የሚኖሩበትን ነገር ሲመርጡ ለምን የራሳችንን ቅኔ እናስደግማቸዋለን?

ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው። በትምህርቱ የመጀመሪያ ዓመት ከአንድ ባለጉዳይ ጋር ያደረግሁትን ውይይት በፈቃዱ ቀድቼ እንድሰማው ታዘዝኩ። ከ40 ደቂቃው ከ30 የሚበልጠውን የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። ወጣቱ ሦስት ጊዜ ስለ እናቱ ሕመም ሊነግረኝ ጀምሮ ሦስቱንም ጊዜ አቋርጬዋለሁ። ስናወራ አልታወቀኝም ነበር። ተቆጣጣሪ መምህሬ አልተቆጣኝም፤ «ሦስተኛው ላይ ምን ልትለው ፈልገህ ነው ያቋረጥከው?» ብቻ አለኝ። ሁለት ዓመት የከፈልኩበት ትምህርት ዋናው ክፍል ይህ ነበር፤ መጽሐፉ ከዚህ በኋላ ነው የመጣው።

መጽሐፉም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። የዚህ ሙያ መነሻ ተብሎ የሚጠራው ፍራንክ ፓርሰንስ ነው። መሐንዲስነት ተምሮ፣ ሕግ አጥንቶ፣ ያስተማረ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ ሥራ ብዙ ያፈራረቀ። በ1908 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ፣ ከአውሮፓ የመጡ ድሆች በሚሰፍሩበት ሠፈር፣ ወጣቶች ስለ ሥራ የሚነጋገሩበት ቢሮ ከፈተ። በዚያው ዓመት ሞተ፤ መጽሐፉ የወጣው ከሞተ በኋላ በ1909 ነው። ነገሩ ሦስት እግር አለው፦ ራስህን እወቅ፣ ሥራውን እወቅ፣ ሁለቱን አገናዝብ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው፤ ዛሬም ሦስቱን እግር ያቆመ ትምህርት ቤት ጥቂት ነው።

በተለይ ሁለተኛው እግር፣ ሥራውን ማወቅ፣ ይጎድለናል። በ1959 እ.ኤ.አ. ጆን ሆላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሰዎችንና ሥራዎችን በስድስት ዓይነት ከፍሎ የሚያዛምድ ንድፈ ሐሳብ አወጣ፤ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት የዝንባሌ መጠይቅ ከዚያ ተወለደ። መጠይቁን ተርጉሜ ለተማሪዎች አቀረብኩ። ከበየዳ የመጣ አንድ ልጅ ገጽ ሙሉ ጥያቄ ላይ አንድ መልስ ደጋግሞ ጽፎ አገኘሁት፦ «አላየሁትም»። ላቦራቶሪ አላየም። ቢሮ አላየም። ያላየውን ሥራ ትወዳለህ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ያ ወረቀት አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ከእሱ በኋላ መጠይቅ ከማቅረቤ በፊት ልጆችን ይዤ መውጣት ጀመርኩ፦ ወደ ጋራዥ፣ ወደ ዳኛ ችሎት፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት።

ሥራ ማየት ሲባል ያለውን ብቻ አይደለም፤ ሥራ ይወለዳል፣ ይሞታልም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጤና መኮንን የሚባል ሙያ ተፈጠረ። ከዚያ በፊት የዳባት ልጅ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ቢባል «ጤና መኮንን» ሊል አይችልም፤ ስሙ ራሱ አልነበረምና። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም ዳባት ላይ የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያ አቋቋመ። የልደት፣ የሞትና የፍልሰት መረጃ የሚሰበስቡ ሰዎች ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። ከዳባት ቀበሌዎች የተነሣ መረጃ በዓለም የሳይንስ መጽሔቶች ታተመ። የአካባቢውን ሰውና መንገዱን ማወቅ፣ እናት ማርገዟን ሳታፍር እንድትነግርህ አድርጎ መጠየቅ ሙያ ሆነ። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች የምትይዙት ሥራም ዛሬ ስም ላይኖረው ይችላል።

ጆን ክሩምቦልትዝ የተባለው ምሁርም ሙያ በዕቅድ ብቻ እንደማይገነባ አስተምሯል። አጋጣሚ ይመጣል፤ ጥያቄው ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ የሚቀበል ማን ነው የሚለው ነው። ደባርቅ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። ጎብኚ መጣ። በመንገድ ዳር ባርኔጣ የሚሸጥ ሕፃን ቋንቋ ለቀመ፣ አስጎብኚ ሆነ። ገበሬው ጠመንጃውን ይዞ ስካውት ሆነ። ሌላው በቅሎውን አከራየ፣ ሌላዋ ምግብ አብሳይ ሆነች። ብዙዎቹን ትምህርት ቤት አላሰለጠናቸውም፤ ዋልያና ጭላዳ ናቸው ያሰለጠኗቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት። ፓርኩ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ላይ፣ ድንኳን የሚተክል ጠፋ። 20 ዓመት ያስጎበኘ ሰው ቤቱ ተቀመጠ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ ሳወራ ሁሉም «እኔ ሌላ ሙያ የለኝም» ይሉ ነበር። እንደዚያ ነው እንዴ? የማያውቀውን ሰው በአንድ ቀን ወዳጅ የሚያደርግ፣ በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የታመመ ሰው ሲያይ ሳንባው ውኃ እንዳይቋጥር ፈርቶ ቶሎ የሚያወርድ፣ አሥር ሰው የሚያስተባብርና ሒሳብ የሚያወራርድ ሰው ሙያ የለውም? ያለውን ነገር ስም ሰጥቶ የሚቆጥርለት ሰው ነው ያጣው። ከዚህ ሥራ ብዙው ስም መስጠት ነው።

የግጭ መንደርንም ሰዎች አስቡ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ከፓርኩ ውስጥ ወጥተው እዚህ ደባርቅ ሰፈሩ፤ ካሳም ተከፈላቸው። ፓርኩ በ2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለዋልያው መልካም ሆነ። ደጋ ላይ ገብስ ይዘራ፣ በግ ያረባ የነበረ ሰው በአንድ ክረምት ከተሜ ሲሆን ግን ካሳ የማይመልሰው ጥያቄ ይተርፋል፦ ጠዋት ተነሥቼ ምን እሠራለሁ? ልጄንስ ምን አስተምረዋለሁ? የሙያ ዕድገት ትምህርት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ጥያቄ ይዤለት እሄዳለሁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ። በ2015 ዓ.ም. በአገሪቱ 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወሰዱ፤ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ነበሩ፤ 3.2 ከመቶ። በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የመውጫ ፈተና የወሰዱ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ደግሞ ከ100 ያለፉት 41 ያህሉ ናቸው። ስለ ፈተናው ጥራት የሚከራከር ይከራከር። እኔ የምለው ይህ ነው፤ በትምህርት ቤቶቻችን ስለ ሙያ የሚነገረው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡት ነው የሚነገረው። ባንዲራ ሥር የሚሸለሙት፣ በስም የሚጠሩት፣ ምክር የሚለገሳቸው ከመቶው ሦስቱ ናቸው። 97ቱን በር ላይ ማን ተቀበላቸው? ሁመራና መተማ ሰሊጥ አረማ የወረደው፣ ዓረብ አገር የሄደችው፣ እቤት የተቀመጠው እነሱ ናቸው። ከ97ቱ ጋር የሚቀመጥ አንድ የሠለጠነ ሰው በየትምህርት ቤቱ ቢኖር ብዬ ብለምን የተጋነነ ልመና ነው?

እርግጥ ነው፣ ምክር ሥራ አይፈጥርም። ይህን ካልተናገርኩ አታለልኳችሁ ማለት ነው። ፋብሪካ በሌለበት፣ መንገድ በተዘጋበት፣ ብድር በማይገኝበት ልጁን «ራስህን ፈልግ» ማለት በረሃብተኛ ፊት ስለ ምግብ ዓይነት መናገር ነው። በከተማ ሆቴል መድረክ ላይ ቆመው «ካሰብከው ትሆነዋለህ» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል፤ እኔ የተማርኩት ያንን አይደለም። ካሰበው በኋላ ያልሆነለት ልጅ ጥፋቱ የራሱ ነው ብሎ እንዲያምን ማድረግ ግፍ ነው። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራና ክህሎት በአንድ ስም መጣመራቸው ጥሩ ነበር፤ የሙያ አማካሪም የወረዳውን የሥራ ማስታወቂያ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁን የሥልጠና ዘርፍ፣ የብድር ደንቡን ሳያውቅ ወንበሩ ላይ ባይቀመጥ ይሻላል። ግማሹ ሥራ ከቢሮ ውጭ ነው፤ ቀጣሪ ደጃፍ መቆም ነው።

ሌላም ወሰን አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ፣ ጭና ድረስ ገብቶ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ከዚያም ወዲህ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ብዙ ልጅ ከክፍል ውጭ ሆኗል። የሞተ ሰው ያየ ልጅ ፊትህ ሲቀመጥ «የአምስት ዓመት ዕቅድህ ምንድን ነው?» አይባልም። ትምህርቱ ካስተማረኝ ነገሮች አንዱ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም ብሎ ማወቅና ልጁን በእጅ ይዞ ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ማድረስ ነው። በእጅ ይዞ ነው ያልኩት፤ ወረቀት ጽፎ መላክ አይበቃም።

ስለ ሴት ልጆቻችን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዶናልድ ሱፐር የተባለው ምሁር ሰው በዕድሜው ልጅም፣ ተማሪም፣ ሠራተኛም፣ የቤት አስተዳዳሪም፣ ዜጋም ሆኖ እንደሚኖር፣ ሙያም በእነዚህ ሁሉ መካከል የሚያድግ መሆኑን ጽፏል። ይህን ባሳየበት ሥዕል ላይ ድርሻዎቹ በዕድሜ ተራ በተራ ይገባሉ። የእኛ የ16 ዓመት ልጅ ግን ሁሉንም በአንድ ጠዋት ነው የምትሸከመው። ውኃ ትቀዳለች፣ ታናሿን ታዝላለች፣ ትማራለች፣ ሽማግሌ ደጅ ቆሟል። በአማርኛችን «ባለሙያ» የተባለች ሴት ወጥ የምትሠራ፣ ጠላ የምትጠነስስ ናት፤ «ሙያ በልብ ነው» ስንልም ችሎታዋን ደብቃ የምትይዝ ጨዋ እናስባለን። ሙያዋን በልቧ ብቻ ይዛ እንዳትቀር ከእሷ ጋር መነጋገር ብቻውን አይበቃም፤ አባቷም እናቷም እዚያው ወንበር ላይ መቀመጥ አለባቸው። ፈረንጁ መጽሐፍ ባለጉዳዩን ለብቻው አስቀምጥ ይላል። እኔ ቡና ካልተፈላና አያ ካልመጡ የተጀመረ ውይይት ሲያልቅ አላየሁም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ልትማሩት ለምታስቡ የማውቀውን ልንገራችሁ። በውጭ ዓለም የሙያ ዕድገትና ኮቺንግ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ይህን ዲግሪ ከሰጡት አንዱ እንግሊዝ አገር ያለው የዋሪክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአገራችን ቅርቡ መንገድ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ዓይነት የካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ስትመዘገቡ ስለ ፕሮግራሙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከሰው ጋር ተቀምጠን የምንለማመድበት፣ አንድ ልምድ ያለው ሰው እያየን የሚያርመን ስንት ሰዓት ነው? ይህ ከሌለው ገንዘባችሁን ያዙ። ነገራ የሌለው የቅኔ ቤት ማለት ነው።

ለደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ከወጣት ዩኒቨርሲቲዎቻችን አንዱ ነውና ገና የራሱን መልክ የሚሠራበት ጊዜ ነው። ይህን ትምህርት እዚህ፣ በተራራው ሥር፣ ለሚያስተምሩ መምህራን በክረምት ቢከፍተው የአሜሪካን መጠይቅ ከማስተርጎም ይልቅ የራሳችንን ጥያቄ መጻፍ እንጀምራለን።

ከመቀመጤ በፊት ስለ አንድ ልጅ ልንገራችሁ፤ እሱም አባቱም ፈቅደውልኛል፣ የሚያሳውቀውንም ነገር ለውጫለሁ። የባለ በቅሎ ልጅ ነው። ፈተናውን አላለፈም። አባቱ በቅሎዋን እንዲረከብ ይፈልጋሉ፤ ወንድሙ ሁመራ ወርዷል፤ ጎብኚ የለም። ሁለት ጊዜ መጥቶ «ምንም አልችልም» ከማለት በቀር አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን «ስትሠራው መሽቶ የማይታወቅህ ነገር ምንድን ነው?» አልኩት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ድሮ ቢሆን ሦስት አማራጭ ደርድሬለት ነበር። ብዙ ቆይቶ፣ መሬት መሬት እያየ፣ የጎረቤት በቅሎ ሁሉ ገጣባ ሲወጣበት ወደ እሱ እንደሚመጣ፣ ቁስሉን አጥቦ፣ ኮርቻውን ፈትቶ የት እንደሚነካው አይቶ፣ ዳውላውን እሱ ራሱ እንደሚያስተካክል ነገረኝ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይሄም ሥራ ነው እንዴ ቲቸር?» አለ።

መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ማንን ብትጠይቅ ታውቃለህ?» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት በቅሎዋን እየሳበ፣ በደረት ኪሱ አራት ጥያቄ የጻፈበት ወረቀት ይዞ፣ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሲወርድ አየሁት።